መኪናው የት ይደር? ከደሴ የተዳፋት ሰፈሮች

ከኮምቦልቻ ተነሥቶ የሐረጎን ጠመዝማዛ መንገድ ሽቅብ የያዘ መንገደኛ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ደሴ ሲገባ፣ ከተነሣበት ቦታ 600 ሜትር ያህል ከፍ ብሏል። ሙቀቱ ወደ ኋላ ይቀራል፤ የአውቶቡሱ መስኮት ይዘጋል፤ እናቶችም ከዘንቢላቸው ሹራብ እያወጡ ለልጆቻቸው ያለብሳሉ። በምዕራብ በኩል የጦሳ ተራራ ቆሟል። በምሥራቅ አዝዋ ገደል አለ። ከመካከል የቦርከና ወንዝ ይወርዳል። ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ስሙን ያወጡላት፣ ንጉሥ ሚካኤልም መናገሻቸው ያደረጓት ደሴ በዚህ መካከል የተዘረጋች ሳትሆን የተንጠለጠለች ከተማ ናት ቢባል ማጋነን አይሆንም።

በከተማይቱ ውስጥ ሜዳ የሚባለው ጥቂት ነው። ፒያሳን ይዞ የሚያልፈው ዋናው መንገድና ሆጤ ሜዳ ከተነሡ በኋላ የቀረው ወይ ዳገት ነው ወይ ቁልቁለት። እንግዳ ሰው የቤት አቅጣጫ ሲጠይቅ «በስተቀኝ»፣ «በስተግራ» የሚል መልስ ቢጠብቅ፣ የሚያገኘው «ከፍ ብለሽ»፣ «ዝቅ ብለሽ» የሚል ነው። ከሸዋ በር ወደ ላይ፣ ከቧንቧ ውሃ ወደ ጎን የሚወጡትን የውስጥ መንገዶች ለሁለት ቀን ያህል በእግራችን ስንዞር፣ ገበያ ውለው የሚመለሱ እናቶች ዘንቢላቸውን መሬት ሳያስነኩ ሲወጡ አይተናል። እኛ ግን ሦስት ጊዜ ማረፍ ነበረብን።

በእነዚህ መንገዶች ላይ ዓይን የሚስብ አንድ ነገር አለ፤ ይኸውም የቆሙት መኪናዎች ናቸው። በደሴ ተዳፋት ሰፈሮች መኪና ብቻውን አይቆምም። ከጎማው ሥር ድንጋይ ወይም ከእንጨት የተጠረበ ታኮ ይኖራል። ጠንቃቃው ሾፌር የእጅ ፍሬኑን ከመሳቡም በላይ ማርሽ አስገብቶ፣ የፊት ጎማውን ወደ መንገዱ ጠርዝ አዙሮ ይወርዳል። ፍሬኑ ቢለቅ መኪናው ከጠርዙ ጋር ይጋጫል እንጂ ቁልቁል አይፈታም። ሁሉም ግን ጠንቃቃ አይደለም። መኪናው ሲሄድ ድንጋዩ መንገድ መካከል ይቀራል፤ ማታ በዚያ የምታልፍ ባጃጅ ታገኘዋለች። ከዚህም በከፋ ሁኔታ፣ ትምህርት ቤት የተለቀቁ ልጆች በቆመ መኪና ኋላ ተቀምጠው ጠጠር ሲጫወቱ ተመልክተናል። ቁልቁለት ላይ ከቆመ መኪና በታች የተቀመጠ ልጅ በአንድ ድንጋይ ላይ የተመሠረተ ሕይወት ነው ያለው።

ስለዚህ ከመንገድ ዳር ያነሣነው ጥያቄ ከጌጥ የመጣ አይደለም። ተዳፋት ላይ ቤት ያለው ቤተሰብ መኪና ሲገዛ መኪናው የት ይደር? «ጋራዥ» ስንል አብዛኞቻችን ዘይት የጠገበ መካኒክ ቤት ነው የሚታየን። እዚህ ግን የምንናገረው ከቤት ጋር ስለሚሠራው የመኪና ማደሪያ ነው። ሜዳ ላይ አራት ምሰሶና ጥቂት ቆርቆሮ ይበቃዋል። ተዳፋት ላይ ግን ከቤቱ ራሱ የበለጠ ማሰብን የሚጠይቅ ሥራ ሆኖ አገኘነው።

ይህንን በቅርብ ለማየት ያስቻለን ከዋናው መንገድ ከፍ ብሎ በሚገኝ ሰፈር ያገኘነው አንድ ቤት ነው። እመቤቲቱ ነርስ ናቸው፤ ባለቤታቸው መምህር። ሦስት ልጆች አሏቸው። ከአንድ ዓመት በፊት በቁጠባና በብድር የገዟት ትንሽ አውቶሞቢል ከደጃቸው ፊት ለፊት፣ መንገዱ ላይ፣ በሁለት ድንጋይ ተደግፋ ታድራለች። እመቤቲቱ የሌሊት ተረኛ በሚሆኑበት ሳምንት እንቅልፍ የሚነሣቸው ይኸው እንደሆነ ነግረውናል። «ታማሚ ላይ ቆሜ ዝናብ በዘነበ ቁጥር ልቤ ድንጋዩ ጋ ይሄዳል። ልጆቼ ጧት በር ከፍተው የሚወጡት በመኪናዋ ግርጌ ነው» አሉን።

የቦታውን አቀማመጥ አንባቢዎች በዓይነ ኅሊናቸው እንዲያዩት በልኩ እንናገር። ቦታው በመንገዱ በኩል 12 ሜትር ስፋት፣ ወደ ውስጥ 18 ሜትር ርዝመት አለው። ከመንገዱ ጠርዝ እስከ ኋለኛው ድንበር መሬቱ 5 ሜትር ከፍ ይላል። ቤቱ ከመንገዱ 10 ሜትር ገባ ብሎ የተሠራ ሲሆን ወለሉ ከመንገዱ 2 ሜትር ከ80 ይበልጣል። ከቤቱ ጀርባ መተላለፊያ የምታህል ቦታ አለች። ከዚያ ቀጥሎ ሁለት ሜትር ያህል ቁመት ያለው የአፈር ግድግዳ ቆሟል። ከግድግዳው በላይ የጎረቤት የድንጋይ ግንብ፣ ከግንቡም በላይ የጎረቤቲቱ ቤት አለ። የላይኛይቱ ጎረቤት ዕድሜያቸው የገፋ እናት ናቸው፤ ከልጅ ልጃቸው ጋር ይኖራሉ።

በእኛ ጉብኝት ጊዜ በቤተሰቡ ፊት ሦስት አሳቦች ነበሩ።

የመጀመሪያው አሳብ መኪናዋ እስከ ቤቱ በር ድረስ እንድትወጣ ማድረግ ነው። መምህሩ ይህን ይወዱት ነበር፤ ዝናብ ሳይመታ ከመኪና ወርዶ ቤት መግባት ማን ይጠላል? ነገር ግን ቁጥሩ አልፈቀደም። የመኪና መውጫ ተዳፋት ደኅና የሚባለው ለእያንዳንዱ 1 ሜትር ከፍታ ከ6 እስከ 8 ሜትር ርዝመት ሲያገኝ ነው። 2 ሜትር ከ80 ለመውጣት ቢያንስ 17 ሜትር ያህል ያስፈልጋል ማለት ነው። ያለው ርዝመት 10 ብቻ ነው። በዚያ ላይ መውጫው ከመንገዱ ጋር በሚገናኝበትና ከላይ በሚያልቅበት ቦታ ቀስ ብሎ መታጠፍ አለበት፤ አለዚያ የመኪናው አፍንጫ ወይም ሆዱ ሲሚንቶውን ይፍቃል። በ10 ሜትር ውስጥ ያንን ሁሉ ከፍታ ለማውጣት የሞከረ ሰው በነሐሴ ዝናብ፣ ሲሚንቶው ጭቃ ለብሶ፣ ከኋላው ሦስት ልጆች ተቀምጠው ምን እንደሚደርስበት አስቦ ይወስን። ዛሬ በከተማይቱ እንዲህ ያሉ መውጫዎች ተሠርተው አይተናል። ባለቤቶቻቸው ግን አሁንም መኪናቸውን መንገድ ላይ ያሳድራሉ፤ መውጫው የልብስ ማስጫ ሆኗል።

ሁለተኛው አሳብ ከሁሉም አስጊው ነው። በቤቱ ጎን ባለችው የ3 ሜትር መተላለፊያ ወደ ኋላ ዘልቆ፣ የኋላውን የአፈር ግድግዳ ቆርጦ ማደሪያውን እዚያ ማኖር ነው። መኪናዋ ከመንገድ ትሰወራለች፤ ሌባ አያያትም፤ የፊቱ ግቢ ለልጆች ይተርፋል። በአሳብ ደረጃ ያምራል። በሰፈሩም በርካታ ሰዎች ከኋላቸው ቆርጠው ማድ ቤት ወይም የሚከራይ ክፍል ሠርተዋል። ይህን ጉዳይ ቤተሰቡ ለላይኛይቱ ጎረቤት ሳይነግር መቆፈር አልወደደምና፣ እኛ ባለንበት ቀን ቡና ተፈልቶ እናቲቱ ተጠርተው መጡ።

ቡናው ሁለተኛውን ከደረሰ በኋላ ነገሩ ተነሣ። እናቲቱ ዝም ብለው ሲሰሙ ቆይተው፣ «ልጆቼ፣ መኪናችሁን አልጠላሁም፤ ስታመም ሐኪም ቤት የወሰደችኝ እሷ ናት። ነገር ግን የእኔ ግንብ የቆመው በእናንተ አፈር ላይ ነው። እናንተ ከሥር ስትወስዱት እኔ በምን ልቆም ነው?» አሉ። መምህሩ ፈጠን ብለው፣ «እማማ፣ ወዲያው ግንብ እንገነባበታለን እኮ» ብለው መለሱ። እናቲቱም፣ «ወዲያው ስትል፣ ዝናቡ ይጠብቅሃል?» አሏቸው።

አንባቢዎቼ ይህችን ጥያቄ ልብ እንዲሏት እፈልጋለሁ። ተዳፋት የአንድ ሰው አይደለም። ከላይ ያለው ሰው በታችኛው አፈር ላይ ቆሟል፤ ከታች ያለው የላይኛውን ውኃ ይቀበላል። አፈር በተፈጥሮው ጋደል ብሎ ሲቀመጥ ነው የሚረጋው። ቀጥ አድርገው ሲቆርጡት በበጋ የቆመ ይመስላል። ክረምት ሲገባ ግን ውኃ ጠጥቶ ይከብዳል፤ እርስ በርሱ የያዘበትም ኃይል ይላላል። ያን ጊዜ የሚወርደው አፈሩ ብቻ አይደለም። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በጎፋ ዞን በገዜ ጎፋ ወረዳ ከዝናብ በኋላ ተራራ ተንዶ ከ200 በላይ ሰዎች መሞታቸውን፣ ከሟቾቹም ብዙዎቹ በመጀመሪያው ናዳ የተቀበሩትን ለማውጣት የተሰበሰቡ እንደነበሩ ሁላችንም ሰምተናል። የደሴ ተዳፋትም ናዳ የማያውቀው አይደለም። የአንድ ጋራዥ ቁፋሮ ተራራ አይንድም ይባል ይሆናል፤ የአንዲት አሮጊትን ቤት ለመናድ ግን ተራራ አያስፈልግም።

የመሬት መንቀሳቀስ ምልክቶች ቤት ውስጥ የሚውል ሰው ቀድሞ የሚያያቸው ናቸው። በግቢው መሬት ላይ ከተዳፋቱ አግድም የሚሰነጠቅ መስመር፣ ድሮ ይዘጋ የነበረና ዛሬ የሚጣበቅ በር፣ ቀስ እያለ የሚያጋድል ዛፍ ወይም የመብራት እንጨት፣ ከዚህ በፊት ባልነበረበት ቦታ የሚፈልቅ ውኃ፣ ሆዱን ያሳበጠ የድንጋይ ግንብ ሁሉ ከዚሁ የሚቆጠሩ ናቸው። ከእነዚህ አንዱ ሲታይ ጋራዥ ማሰብ ይቅርና ባለሙያ መጥራት ይገባል። በከባድ ዝናብ ሌሊት ደግሞ ልጆችን ከዚያ ግድግዳ አጠገብ ካለው ክፍል ማውጣት ነው።

ሦስተኛው አሳብ ከእመቤቲቱ የመጣ ነበር፤ መጀመሪያም ብዙ አልተደመጠም። «ለምን እሷ ወደ እኛ ትወጣለች? እኛ ወደ እሷ እንውረድ» አሉ። ማደሪያው ከመንገዱ ጠርዝ አጠገብ፣ ቤቱ ከፍ ብሎ ባለበት በዚያው የፊት ተዳፋት ውስጥ ገብቶ ይሠራ ማለታቸው ነው። በማግስቱ የመጡት ሽማግሌ ግንበኛ ቱምቢያቸውንና ውኃ ልካቸውን ይዘው ቦታውን ከለኩት በኋላ ይህን አሳብ ወደዱት። ከመንገዱ አንድ ሜትር ተኩል ገባ ብሎ፣ በውስጥ 3 ሜትር ስፋትና 5 ሜትር ተኩል ርዝመት ያለው ክፍል ቢሠራ፣ የኋላ ግድግዳው የሚደርሰው ከመንገዱ 7 ሜትር ከሩብ ላይ ነው። በዚያ ቦታ አፈሩ ከመንገዱ የሚበልጠው በ2 ሜትር ብቻ ነው። ከቤቱ መሠረትም ወደ 2 ሜትር ከ75 ይርቃል። «የጉድጓዱን ጥልቀት ያህል ከመሠረት ካልራቅሽ አትቆፍሪ» አሉ ግንበኛው ለእመቤቲቱ፤ «ይኼ መሠረቱን ጨምሮ ሁለት ሜትር ተኩል ቢገባ ነው፤ አብሽሪ ልጄ፣ ልኩን አግኝቷል።»

ደስ ያለን ደግሞ ሌላ ነው። የክፍሉ የውስጥ ከፍታ 2 ሜትር ከ40 ሲሆን፣ ከላይ የሚፈሰው ሶሌታ ውፍረቱ ሲደመርበት ከመንገዱ 2 ሜትር ከ60 ያህል ይደርሳል። ቤቱ 2 ሜትር ከ80 ላይ ነው። የማደሪያው ጣሪያ ከቤቱ ደጃፍ በአንድ እርከን ብቻ ዝቅ ያለ ግቢ ሆነ ማለት ነው። በዚህ ቦታ ከዚያ በፊት ልጆች የሚሮጡበት አንድ ካሬ ሜትር ሜዳ አልነበረም።

እዚህ ላይ ግንበኛውና መምህሩ የተለያዩበት ነጥብ ነበር፤ እኔም ፍርዴን ሳልሰጥ አላልፍም። መምህሩ ግድግዳው በደሴ ጥቁር ድንጋይ ይገንባ አሉ። ድንጋዩ በአካባቢው ይገኛል፤ ግንበኛም ሞልቷል። እውነት ነው፤ ይሁንና አፈር የሚደግፍ የድንጋይ ግንብ በክብደቱ ብቻ የሚቆም ስለሆነ ከሥሩ የቁመቱን ግማሽ ያህል ወይም ከዚያ በላይ መስፋት አለበት። 2 ሜትር ከ40 ለሚቆም ግንብ 1 ሜትር ከ20 ውፍረት ሲሆን፣ በሁለቱ ጎኖችና በኋላ ሲደመር ቦታውን ይበላዋል፤ የኋላውም ከቤቱ መሠረት ጋር ይቀራረባል። ሌላው መንገድ ግድግዳውን፣ ወለሉንና ጣሪያውን በፌሮ አስሮ በኮንክሪት እንደ አንድ ሳጥን ማቆም ነው። ግድግዳው ይቀጥናል፤ ግን የፌሮው ብዛትና አቀማመጥ በዓይን መጠን የሚገመት አይደለም፤ መሐንዲስ አስልቶ ፕላን ላይ ማስፈር ይኖርበታል። «ለአንድ ጋራዥ መሐንዲስ?» የሚል ጥያቄ በብዙ ቤት ይነሣል። ጣሪያው ላይ ልጆች የሚጫወቱበት፣ ጀርባው ላይ ቤት የቆመበት ጋራዥ ከሆነ፣ አዎን። የግንባታ ፈቃድ ለማግኘትም ወደ ማዘጋጃ ቤት የሚሄደው ፕላን ነው። ግንበኛው ራሳቸው፣ «እኔ ድንጋይ አውቃለሁ፤ ፌሮ የተማረ ይቁጠረው» ብለው ነገሩን ዘጉት። ዋጋውን ከመጻፍ ተቆጥበናል፤ የሲሚንቶና የፌሮ ዋጋ ጋዜጣው ታትሞ እስኪወጣ እንኳ አይጠብቅም።

ከግድግዳው ይልቅ ብዙ ሰዓት የወሰደው የውኃው ጉዳይ ነው፤ ሊወስድም ይገባዋል። ተዳፋት ላይ ግንብ የሚጥለው አፈር ብቻ ሳይሆን ከኋላው የታሰረ ውኃ ነው። ስለዚህ ከግድግዳው ጀርባ አፈር መልሶ መድፈን አይበቃም። ከግንቡ ጋር ተጣብቆ ጠጠር ይሞላል፤ ከጠጠሩ ግርጌ ቀዳዳ ያለው ቧንቧ ተኝቶ ውኃውን ወደ ጎን ያወጣል። የድንጋይ ግንብ ከሆነም በየአንድ ሜትር ተኩሉ ወይም ሁለት ሜትሩ የውኃ ማስወጫ ቀዳዳ ይተውለታል። ቀዳዳዎቹ መልክ ያበላሻሉ ብለው በልስን የሚደፍኗቸው ሰዎች አሉ። በቧንቧ ውሃ አካባቢ ባየነው አንድ ግንብ ላይ እንዲህ ተደርጎ፣ ግንቡ እንደ ነፍሰ ጡር ወደ ፊት ወጥቷል።

የጣሪያውም ውኃ ቀላል አይደለም። አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ አንድ ሊትር ነው። የዚህ ቤት ቆርቆሮ 54 ካሬ ሜትር ያህል ነው። 30 ሚሊ ሜትር የሚጥል አንድ ብርቱ ዝናብ 1,600 ሊትር ያህል፣ ይኸውም ስምንት በርሜል ውኃ ያወርዳል። ያ ሁሉ በአሸንዳ ካልተያዘ በቀጥታ ከማደሪያው ጀርባ ይሰርጋል፤ ወይም ከመንገዱ ማዶ ዝቅ ብሎ ወዳለው ጎረቤት ማድ ቤት ይገባል። እመቤቲቱ ውኃው በአሸንዳ ተይዞ በከፊል ለልብስ ማጠቢያ እንዲጠራቀምላቸው ፈለጉ። ይሁን፤ ነገር ግን 2,000 ሊትር የያዘ ሮቶ ሁለት ቶን ስለሚመዝን፣ ከግንብ ጫፍ ላይ ወይም ባልተሰላለት ሶሌታ ላይ አይቀመጥም። የሽንት ቤት ጉድጓድም ከድጋፍ ግንብ ጀርባ አይቆፈርም። ከላይ የሚመጣው የጎርፍ ውኃ ደግሞ ከቤቱ ኋላ በሚያልፍ ቦይ ተጠልፎ በጎን በኩል ወደ መንገዱ ቦይ መውረድ አለበት። ይህን ቦይ የላይኛይቱ እናት ከእነርሱ ወገን እንደሚያስጠርጉ ቃል ገብተዋል።

የቁፋሮው ጊዜስ? በሌላ አገር «ከክረምት በፊት» ማለት ይበቃ ይሆናል። ወሎ ግን የበልግ አገር ነው። በየካቲትና በመጋቢት የጀመረ ሰው ጉድጓዱን ከፍቶ በልግ ይደርስበታል። ግንበኛው የመረጡት ኅዳርን ነው፤ ጥር ሳያልቅ ግድግዳው ቆሞ ጠጠሩ መሞላት አለበት። ሁሉንም በአንድ ቀን ገልጦ ማስቀመጥም ክልክል ነው። ሁለት ሁለት ሜትር ያህል እየቆፈሩ፣ ያንን እየደገፉ፣ ከዚያ ወደሚቀጥለው ማለፍ ይገባል። የወጣው አፈር የት ይደፋል የሚለው ጥያቄ እዚሁ ይነሣል። ቦይ ውስጥ ወይም ገደል አፋፍ ላይ የተደፋ አፈር በክረምት የሌላውን ሰው ቤት ይፈልጋል።

ስለ በሩ ትንሽ እንበል። ወደ ውጭ የሚከፈት በር በጠባብ መንገድ ላይ አላፊውን ይመታል። ወደ ውስጥ የሚከፈተው የመኪናዋን ቦታ ይወስዳል። እዚህ ቤት ፊቱ 12 ሜትር ስለሆነ ወደ ጎን የሚንሸራተት የብረት በር ተመርጧል። ከመንገዱ ገባ ያለችው አንድ ሜትር ተኩል ለሚወጣው መኪና እንደ መስኮት ናት፤ ሾፌሩ አፍንጫውን መንገድ ላይ ሳያወጣ ግራ ቀኙን እንዲያይ ትረዳዋለች። መኪናዋ ማታ በኋላ ማርሽ ብትገባ፣ ጧት ልጆች ወደ ትምህርት ቤት በሚወርዱበት ሰዓት በፊቷ ትወጣለች። ወለሉ በጣም በጥቂቱ ወደ በሩ ያዘነብላል፤ ከበሩ ፊት በብረት ፍርግርግ የተከደነ ቦይ የመንገዱን ውኃ ይቀበላል።

ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መንግሥት ስለወሰነ፣ ዛሬ ጋራዥ የሚያቅድ ሰው የነገዋ መኪናው በኤሌክትሪክ የምትሠራ ልትሆን እንደምትችል ማሰብ አለበት። ከቆጣሪው ጀምሮ የራሱ ማቋረጫና የመሬት ሽቦ ያለው መሥመር ግድግዳው ሳይለሰን መቀበር ይኖርበታል። ኋላ በመስኮት በተሳበ የቤት ማራዘሚያ ገመድ መኪና መሙላት እሳት መጥራት ነው።

የነዳጅ መኪና ለሚያድርበት ክፍል ግን ሌላ ስጋት አለ፤ ይህን በተለይ ለእናቶች እናገራለሁ። ከማርሚታ የሚወጣው ጭስ ውስጥ ሽታ የሌለው፣ ዓይን የማያየው መርዝ አለ፤ ከሰል በተዘጋ ቤት ሲነድ ሰው የሚገድለው ያው ነው። ሦስት ወገኑ በአፈር የተከበበ ክፍል አየር አያዘዋውርም። ስለዚህ ከላይና ከታች የአየር ማስገቢያ ያስፈልገዋል፤ ሞተርም በር ተዘግቶ አይነሣም። በደሴ ብርድ ከሰል አቀጣጥሎ እዚያ ማሞቅም ሆነ፣ በአንድ ጥግ ከፍሎ ለቤት ሠራተኛ መኝታ ማድረግ ፈጽሞ አይገባም። መኪና የሌለበት ማደሪያ ሱቅ ቢሆን አልነቅፍም፤ ቤት ኪራይ በተወደደበት ዘመን ገቢ ነው። ሰው ከመኪና ጋር እንዲያድር ማድረግ ግን ቁጠባ አይባልም።

በመጨረሻም ፕላኑ ላይ ያልነበረና እመቤቲቱ ያስጨመሩት ነገር አለ። ወንዶቹ ለመኪናዋ ቦታ ካገኙ በኋላ ሥራው ያለቀ መስሏቸው ነበር። መኪናዋ ከታች ስትቆም ግን የሩብ ኩንታሉን ጤፍ፣ የዘይቱን ጄሪካን፣ የተኛውን ልጅ ወደ ላይ የሚያደርሰው ማን ነው? «እኔ ነኝ» አሉ እመቤቲቱ ሳይቆጡ። በማደሪያው ጎን የሚወጣው ደረጃ በመጀመሪያው ንድፍ ላይ ጠባብና ቀጥ ያለ ነበር። አሁን ከ16 ተኩል ሳንቲ ሜትር የማይበልጡ 16 እርከኖች፣ በስምንተኛው ላይ ዘንቢል የሚያሳርፉበት ሰፋ ያለ ማረፊያ፣ በአንድ ወገን የብረት መያዣ፣ በግርጌውና በራሱም መብራት እንዲኖረው ተደርጓል። የላይኛይቱ እናትም ወደ ዋናው መንገድ ሲወርዱ በዚሁ ደረጃ እንዲያልፉ ከጎን በር ተትቶላቸዋል።

በጣሪያው ዙሪያ 1 ሜትር ከ10 ከፍታ ያለው መከላከያ ይቆማል፤ የብረቶቹም መካከል የሕፃን ጭንቅላት እንዳያሳልፍ ከ10 ሳንቲ ሜትር ጠበብ ይላል። እመቤቲቱ ሌላም ነገር ጠየቁ። ሶሌታው ከመፈሰሱ በፊት በሁለት ማዕዘን የልብስ ማስጫ ሽቦ የሚይዙ ሁለት የብረት ቋሚዎች በፌሮው ላይ ይበየዱ አሉ፤ ኋላ ኮንክሪቱን መብሳት ውኃ ያስገባዋልና። ግንበኛው እርሳሳቸውን ከጆሯቸው ላይ አውርደው በፕላኑ ላይ ሁለት ነጥብ አደረጉና መሐንዲሱ እንዲያየው አጥፈው ለመምህሩ ሰጧቸው።